እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ፤ የሞተር ማቀዝቀዣ ታሪክና የስውር ፍሳሽ ምርመራ በልደታ

በአዲስ አበባ ከተማ በልደታ አካባቢ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ ሜክሲኮ አደባባይ በሚዘረጋው መንገድ ዕድሜ የጠገበ መኪና የሚያሽከረክር ሰው ከዕቃ መጫኛው ውስጥ አንድ ነገር አያጣም፤ ይኸውም ውኃ የተሞላ ጀሪካን ነው። ጠዋት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ኮፈን ይከፈታል፤ የራዲያተሩ ክዳን ይነሣል፤ የጎደለው ይሞላል፤ ክዳኑ ይመለሳል፤ መኪናውም ወደ ሥራው ይሠማራል። ውኃው ወዴት እንደ ሄደ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ የለም። ከመኪናው ሥር እርጥበት አይታይም። ትናንት ግማሽ ሊትር የጎደለው መኪና ዛሬ ምንም ሳይጎድለው ይውላል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ አንድ ሊትር ጎድሎት ይገኛል። አንዴ እየታየ አንዴ እየተሰወረ የሚመላለስ እንዲህ ያለ ፍሳሽ ለመካኒክነት ሙያ ከከባዶቹ ፈተናዎች አንዱ ነው።

ይህ የጀሪካን ልማድ ከስንፍና የመነጨ አይደለም። የራሱ ታሪክ አለው፤ በአንድ ዘመንም ትክክለኛ ጥበብ ነበር። መኪናው ሲለወጥ ልማዱ አብሮ ባለመለወጡ ግን፣ ቀድሞ ሞተርን ያድን የነበረው ተግባር የሞተርን ሕመም የሚሸፍን ሆነ። የዚህን ለውጥ ሂደት መከታተል የሚጠቅመው፣ ስውር ፍሳሽን የመመርመሪያው ዘዴ ከዚሁ ታሪክ ስለሚፈልቅ ነው።

ውኃ መጨመር ግዴታ የነበረበት ዘመን

ቤንዚን በሲሊንደር ውስጥ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ጥቂቱ ክፍል ነው። የቀረው ከፊሉ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ሌላው ከፊል በማቀዝቀዣው በኩል መወገድ አለበት። ካልተወገደ ብረቱ ይነድዳል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ የመኪና ታሪክ ከመነሻው ጀምሮ የሙቀት ማስወገጃ ታሪክም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1886 ካርል ቤንዝ በሠራት ባለ ሦስት እግር መኪና ላይ ውኃው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በመትነን ነበር። ውኃው እየፈላ ይጠፋል፤ ነጂውም በየመንገዱ ይተካል። እ.ኤ.አ. በ1901 በመርሴዲስ መኪና ላይ የዋለው የቪልሄልም ማይባክ ራዲያተር ይህን ፍጆታ በእጅጉ ቀነሰው። ማይባክ ከ8,000 የሚበልጡ ጥቃቅን አራት ማዕዘን ቱቦዎችን እንደ ማር እንጀራ ደርድሮ በማጣበቅ፣ 9 ሊትር ያህል ውኃ ብቻ እየተዘዋወረ ኀይለኛ ሞተርን እንዲያቀዘቅዝ አደረገ። ሆኖም ሥርዓቱ አሁንም ለከባቢ አየር ክፍት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 በሚሊዮን ቁጥር በተሠራው የፎርድ ሞዴል ቲ ላይ እንኳ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሺህ መኪኖች በስተቀር የውኃ ፓምፕ አልነበረም። የሞቀው ውኃ ቀልሎ ወደ ላይ ሲወጣ የቀዘቀዘው ከብዶ ወደ ታች ይወርድ ነበር። በዳገት ላይ ውኃው መፍላቱ፣ ነጂውም ወርዶ መሙላቱ እንደ ብልሽት የሚቆጠር ጉዳይ አልነበረም።

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚሁ ክፍት ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ ወደብ በበረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ አድርሶ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያቀረበው በ1900 ዓ.ም. ነበር። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የተባለ ሌላ መኪና አመጣ። ከበረሃው ቆላ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣ ነጂ ለሞተሩ የሚሆን ውኃ ይዞ መጓዝ ነበረበት። እንግዲህ የጀሪካኑ ልማድ መነሻው እዚህ ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜም ትክክል ነበር።

የጣሊያን ቃላትና የልደታ ሜዳ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን የጭነት መኪናዎች በብዛት ገቡ፤ ከእነርሱም ጋር የጋራዥ ቋንቋ ገባ። ኮፈን፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ወራሪው ከወጣ በኋላ በሙያው ውስጥ ቀሩ። ከነጻነት በኋላ በሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ያለው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሙያውን በመደበኛ ትምህርት መስጠት ሲጀምር፣ ከመጽሐፍ የተማረው ወጣትና በእጁ ልምድ የተማረው ሽማግሌ በአንድ ጋራዥ የሚግባቡት በአብዛኛው በእነዚሁ ቃላት ነበር።

ልደታ በዚያ ዘመን በይበልጥ የታወቀው በሌላ ሞተር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲጀምር፣ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የልደታ ሜዳ ነበር። ሜዳው ለጄት አውሮፕላን ስላልበቃ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መንገደኛው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ከልደታ ይነሡ የነበሩት የዳግላስ አውሮፕላኖች ሞተር እያንዳንዱ 14 ሲሊንደር ያለው ሲሆን የሚቀዘቅዘው በነፋስ ብቻ ነበር፤ ራዲያተርም ውኃም አልነበረውም። ይሁን እንጂ ለመኪና መካኒክ የሚሆን አንድ ትምህርት ከአውሮፕላን ጥገና ይገኛል። ይኸውም መዝገብ ነው። በአውሮፕላን ሥራ የታየ ጉድለት ሁሉ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ይጻፋል፤ የተወሰደው እርምጃም ይጻፋል፤ ነገሩ በቃል አይታለፍም። ይህ ትምህርት ስውር ፍሳሽን ለማግኘት ምን ያህል እንደሚረዳ ከዚህ በታች ይታያል።

በመንገድ ላይ ደግሞ ሁለት ዓይነት መኪናዎች የከተማውን ሰው አለመዱት። አንደኛው ከኋላ በነፋስ የሚቀዘቅዘው ፎልክስዋገን ነው፤ ባለቤቱ ስለ ራዲያተር አያስብም ነበር። ሁለተኛው ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ በታክሲነት ያገለገለው ፊያት 600 ሲሆን፣ ሞተሩ ከኋላ ቢሆንም የሚቀዘቅዘው በውኃ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ላዳ ታክሲነትን ተረክቦ ስሙ ራሱ የታክሲ ስም እስከ መሆን ደረሰ። ላዳ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በቶሊያቲ ከተማ የተሠራ የሶቪየት መኪና ቢሆንም መሠረቱ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ መካኒክ የጣሊያን ቃላቱን ይዞ ያለ ችግር ተቀበለው። አንድ ነገር ግን ተለውጦ ነበር። የላዳ ማቀዝቀዣ እንደ ጥንቱ ክፍት ሳይሆን ዝግና ግፊት ያለበት ነው።

ከፍታና ግፊት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 እስከ 2,400 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ከዚህም የተነሣ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በልደታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የላዳ ቴርሞስታት ውኃውን ወደ ራዲያተሩ መልቀቅ የሚጀምረው በ80 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ሥርዓቱ ክፍት ቢሆን ኖሮ በመደበኛው የሥራ ሙቀትና በፍላት መካከል ያለው ርቀት 12 ዲግሪ ብቻ በሆነ ነበር። አንድ ረጅም ዳገት ይህን ርቀት ይጨርሰዋል።

ይህን ርቀት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። በክዳኑ ውስጥ ያለው ምንጭ ሽቦ ከከባቢ አየር ግፊት በላይ ግማሽ ባር ያህል እስኪደርስ ድረስ ውኃውንና እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል። በዚህ ግፊት በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ወደ 106 ዲግሪ ከፍ ይላል። ከ12 ዲግሪ የነበረው ርቀት 26 ይሆናል ማለት ነው። በባሕር ዳርቻ ለሚነዳ ሰው ክዳኑ ተጨማሪ መጠባበቂያ ሊሆን ይችላል፤ በልደታ ግን ሞተሩ የሚኖረው በእርሱ ነው።

እንግዲህ ክፍት በሆነው ዘመንና ዝግ በሆነው ዘመን መካከል ያለው ዋና ልዩነት ይህ ነው። ክፍት በሆነ ሥርዓት የውኃ መጉደል የተፈጥሮ ነገር ነበር። ዝግ በሆነ ሥርዓት ግን ውኃ ሊጎድል አይገባውም፤ ከጎደለ ምስክር ነው። በየጠዋቱ ጀሪካን የሚያነሣ ሰው ይህን ምስክር ሳይሰማ ያሰናብተዋል። ውኃ በወጣበት ቀዳዳ ግፊትም ስለሚወጣ፣ የጎደለው ውኃ ቢተካም የጠፋው የ14 ዲግሪ መጠባበቂያ አይተካም።

ፍሳሹ ስለምን ይሰወራል?

አንድ ያረጀ ላዳ በግንቦት 1 ቀን፣ በልደታ ለማርያም ዓመታዊ በዓል፣ የሚያልፍበትን ሁኔታ መመልከት ነገሩን ይገልጠዋል። ሕዝቡ መንገዱን ሲሞላ መኪናው ሞተሩ እየሠራ ለረጅም ጊዜ ይቆማል። ከዚያ ተሳፋሪ ጭኖ በአብነት በኩል ወደ መርካቶ ዳገቱን ይወጣል። ደርሶ ይቆማል፤ ነጂውም ሞተሩን አጥፍቶ ቡና ሊጠጣ ይሄዳል። ብዙ ሰው ሙቀቱ ከዚህ በኋላ የሚቀንስ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ በብረቱ ውስጥ የቀረው ሙቀት ወደ ቆመው ውኃ ስለሚገባ ለጥቂት ደቂቃዎች ሙቀቱም ግፊቱም ይጨምራሉ። ደካማው ስንጥቅ የሚከፈተው በዚያን ጊዜ ሊሆን ይችላል። የወጣው ውኃ በጋለው ብረት ላይ ወዲያው ይተናል። ነጂው ሲመለስ መሬቱ ደረቅ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውስጡ ባዶነት ስለሚፈጠር አየር በዚያው ስንጥቅ ይገባል፤ ከዚያም ስንጥቁ ይዘጋል።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ላዳን በመሰሉ ሞተሮች የሲሊንደሩ አካል የብረት፣ ቴስታታው የአሉሚኒየም ነው። ሁለቱ በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡ በመካከላቸው ያለው ጋስኬት በየቀኑ ይሳባል። የጎማ ቱቦ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ጠዋት ከማጥበቂያው ሥር የሚያንጠባጥበው፣ ሲሞቅ ራሱን ይደፍናል። የውኃ ፓምፑ በዘንጉ መሽከርከር ጊዜ ብቻ ሊያፈስ ይችላል። የካቢን ማሞቂያው ራዲያተር የሚያፈሰው ማሞቂያው ሲከፈት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍሳሹ የሚመላለሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚታየው የራሱ ሙቀት፣ የራሱ ግፊትና የራሱ ሰዓት ሲገጥሙለት ነው። የምርመራው ጥበብም እነዚህን ሦስቱን ሁኔታዎች አውቆ መልሶ መፍጠር ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው እርምጃ መፍቻ አያስፈልገውም፤ መዝገብ ነው። ሞተሩ በቀዘቀዘ ቁጥር በአንድ ሰዓትና በአንድ ደልዳላ ቦታ ልኩ ይታያል። ቀኑ፣ የተጓዘው ኪሎ ሜትር፣ የተጨመረው ውኃ በልክ፣ የተሄደበት መንገድ፣ ማሞቂያው ተከፍቶ እንደ ሆነ ይጻፋል። የአንድ ሳምንት መዝገብ ብዙ ይናገራል። ውኃው ዳገት በተወጣባቸው ቀናት ብቻ የሚጎድል ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ጋስኬቱና ወደ ክዳኑ ያዘነብላል። ቆሞ ባደረባቸው ቀናት የሚጎድል ከሆነ ወደ ቱቦዎቹና ወደ ማጥበቂያዎቻቸው ያዘነብላል።

ሁለተኛው የዐይን ምርመራ ነው። ውኃው ቢተንም ዱካውን ይተዋል፤ ነጭ ወይም የዝገት ቀለም ያለው ቅርፊት፣ ኩላንት ከተጨመረበትም ባለ ቀለም ነጠብጣብ ይገኛል። የሚታዩት ቦታዎች በቅደም ተከተል የቱቦዎቹ ጫፎች፣ የራዲያተሩ መገጣጠሚያዎች፣ በፓምፑ አካል ሥር የተበጀችው ትንሽ ቀዳዳ፣ በሲሊንደሩ አካል ጎን ያሉት የቆርቆሮ መድፈኛዎችና በካቢኑ ውስጥ የእግር ምንጣፉ ናቸው። ከፓምፑ ቀዳዳ የወጣ ዱካ የውስጥ ማኅተሙ ማለቁን ይናገራል፤ ቀዳዳዋን መድፈን ግን ኩሽኔታውን ያበላሻል። የረጠበ ምንጣፍና በመስተዋቱ ላይ የሚቀር ቅባታማ ጉም ወደ ማሞቂያው ራዲያተር ያመለክታሉ።

ሦስተኛው የግፊት ፈተና ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በራዲያተሩ አፍ ላይ የእጅ ፓምፕ ከነመለኪያው ይገጠማል። ግፊቱ በክዳኑ ላይ ከተጻፈው ልክ ሳያልፍ ይሞላል፤ ከዚያም ይጠበቃል። ትዕግሥት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ቆሞ የተነሣ መለኪያ ስውር ፍሳሽን አያሳይም። ቀዝቃዛው ሞተር ግፊቱን ከያዘ፣ ሞተሩ ለብ ብሎ ፈተናው ይደገማል። ክዳኑም ለብቻው በዚሁ መሣሪያ ይፈተናል። ምንጩ የደከመ ክዳን ያለ አንዳች ሽንቁር ውኃ ሊያባክን ስለሚችል፣ ሌላ ዕቃ ከመለወጡ በፊት ይህን ርካሽ ዕቃ መፈተን ብልኅነት ነው። ፍሳሹ ከዚህም በኋላ ከተሰወረ፣ በጥቁር ብርሃን ፋና የሚያበራ ቀለም ውኃው ውስጥ ተጨምሮ መኪናው ለጥቂት ቀናት ሥራው ላይ ይውላል፤ ከዚያ በጨለማ ውስጥ ይታያል።

አራተኛው ውኃው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚሄድ እንደ ሆነ ማረጋገጥ ነው። የጋስኬቱ መበሳት የሚቃጠለውን ጋዝ ወደ ውኃው፣ ውኃውን ወደ ሲሊንደሩ ያሳልፋል። በራዲያተሩ አፍ ላይ ያለው አየር በሰማያዊ የኬሚካል ፈሳሽ ውስጥ ሲሳብ፣ ፈሳሹ ወደ ቢጫነት ቢለወጥ የቃጠሎ ጋዝ መኖሩን ያስረዳል። ከሌሎቹ በተለየ ንጹሕ ሆኖ የሚገኝ ካንዴላ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ እንፋሎትና ወተት የመሰለ ዘይትም የታወቁ ምልክቶች ናቸው። ሆኖም በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ጥቂት አረፋ በአጭር ጉዞ ከተጠራቀመ እርጥበት ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

በልደታ ያለው ፍርድ ቤት በጥርጣሬ ብቻ ሰው አይኰንንም። ጋራዥም ጋስኬትን ያለ ማስረጃ መኰነን የለበትም። ቴስታታ አስፈትቶ፣ አስላጭቶ፣ አዲስ ጋስኬት አስገጥሞ፣ በሳምንቱ ጥፋተኛው ክዳኑ ሆኖ የሚያገኘው ባለ ታክሲ የከፈለው ለጥገና ሳይሆን ለግምት ነው።

የቸልታ ዋጋ

ፍሳሹ ጥቂት ስለሆነ ብቻ ጉዳቱ ጥቂት አይሆንም። ውኃው ከሙቀት መለኪያው ዳሳሽ በታች ከወረደ ዳሳሹ በእንፋሎት ውስጥ ይቀርና ትክክለኛውን ሙቀት ላያሳይ ይችላል፤ ነጂው መርፌው በደኅና ቦታ ነው ብሎ ሲጓዝ ቴስታታው ይጣመማል። በድንጋጤ የጋለ ክዳን የሚከፍት ሰው ፊቱንና እጁን በእንፋሎት ይቃጠላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያፈስ ደግሞ ብረቱን ይሰነጥቃል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ብቸኛው መንገድ ነው።

በየዕለቱ የሚጨመረው የቧንቧ ውኃም ነጻ አይደለም። አዲስ አበባ ውርጭ ራዲያተርን የሚሰነጥቅባት ከተማ ስላልሆነች ብዙዎች ኩላንት አያስፈልግም ይላሉ። ይሁን እንጂ ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፤ የሚፈላበትንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ተራ ውኃ ግን በየጊዜው አዲስ ኦክስጅንና አዲስ ማዕድን ይዞ ስለሚገባ መድፈኛዎቹን ይበላል፤ የራዲያተሩንም ቀጫጭን ቱቦዎች በቅርፊት ይዘጋል። በዚህ መንገድ ፍሳሽን የሚሸፍነው ጀሪካን ሌላ ፍሳሽ ይወልዳል። ኩላንት የሚጠቀም ጋራዥ በበኩሉ አሮጌውን ፈሳሽ በደጃፉ መድፋት የለበትም፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ሆኖ መርዝ ስለሆነ ለሕፃናትና ለእንስሳት አደገኛ ነው።

ይህ ሁሉ የአሮጌ መኪና ጉዳይ ብቻ ተብሎ ሊታለፍ አይችልም። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ቀላል ባቡር በልደታና በተግባረ ዕድ በኩል ማለፍ ጀመረ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። ክልከላው በመንገድ ላይ ያሉትን አሮጌ መኪናዎች አላስወገደም፤ ይልቁንም እያንዳንዱ ሞተር ረዘም ላለ ዕድሜ መጠበቅ እንዳለበት አመለከተ። ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ብዙዎቹ ባትሪያቸው የሚቀዘቅዘው በሚዘዋወር ፈሳሽ ነው። ቱቦ፣ ፓምፕ፣ መገጣጠሚያና ስውር ፍሳሽ ከእነርሱም ጋር አሉ።

አበው «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ። ግማሽ ሊትር ዛሬ፣ ግማሽ ሊትር ከነገ ወዲያ እየጎደለ ባለቤቱን የሚያዘናጋው ፍሳሽ መጨረሻው የተጣመመ ቴስታታ፣ የቆመ ታክሲና የተቋረጠ የቤተሰብ እንጀራ ነው። ጀሪካኑ ከመኪናው ይውጣ ማለት ግን አይደለም። ለአደጋ ጊዜ ይቀመጥ፤ ነገር ግን ከጎኑ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይኑሩ። ውኃ በተጨመረ ቁጥር ልኩና ቀኑ ከተጻፈ፣ መኪናው ጋራዥ በሚገባበት ቀን መካኒኩ ምርመራውን የሚጀምረው ከግምት ሳይሆን ከማስረጃ ይሆናል።